ትእዛዙን ገልብጡ፣ ዳታውን አትንኩ

ይህን የምጽፈው ያኔ አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ሦስት ሳምንት ይተርፈኝ ስለነበር ነው። የፍላሽ ሜሞሪ ድራይቨር፣ ማለትም የሜሞሪውን ቺፕ የሚያዝ ፕሮግራም ጻፍኩ፣ ፈተንኩት፣ ሠራ። ከዚያ ቦርዶቹ አንድ በአንድ አልነሳ አሉ።

ቦርዱ ያለው ፓወርፒሲ ፕሮሰሰር ነው፤ የሚሠራውም በቢግ ኢንዲያን ነው፣ ማለትም ትልቁ ባይት ይቀድማል። ከሱ ጋር በ16 ቢት መስመር የተያያዘ ኖር ፍላሽ (ፕሮሰሰሩ እንደ ተራ ሜሞሪ በቀጥታ የሚያነበው የፍላሽ ዓይነት) አለ። ሊኑክስን ማስነሳቱ፣ አድራሻውን ማስተካከሉ፣ ፍላሹን መከፋፈሉ በሁለት ቀን አለቀ።

ችግሩ የመጣው ቺፑን ማንነቱን ስጠይቀው ነው። አብዛኞቹ ኖር ፍላሾች ሲኤፍአይ የሚባለውን መጠይቅ ያውቃሉ። አድራሻ 55 ላይ 98 ትጽፋላችሁ (የአድራሻና የባይት ቁጥሮቹ ሁሉ በሄክስ፣ ማለትም በ16 መሠረት ናቸው)። ቺፑ ደግሞ ከአድራሻ 10 ጀምሮ 51፣ 52፣ 59 ይመልሳል፤ «ኪው፣ አር፣ ዋይ» ማለት ነው። የኔ ቺፕ ግን ጭራሽ ዝም አለ።

የቦርዱን ስኬማቲክ (የመስመሮቹን ንድፍ) ከፍቼ መስመሮቹን በጣቴ ተከተልኩ። ተሻግረዋል። የፕሮሰሰሩ የላይኛው ባይት የተያያዘው ከቺፑ የታችኛው ባይት ጋር ነው። እንዲህ ዓይነት ስህተት እንዴት እንደሚፈጠር ይገባኛል። በፓወርፒሲ ሰነዶች ዲ0 ትልቁ ቢት ነው፤ በፍላሹ ሰነድ ግን ዲ0 ትንሹ ቢት ነው። እናም እኔ 0098 ስጽፍ ለቺፑ የሚደርሰው 9800 ነው። ቺፑ ትእዛዝ የሚያነበው ከታችኛው ባይት ብቻ ስለሆነ ያየው 00 ነው። ምን ብሎ ይመልስልኝ?

የቦርዱ አምራች ማኑዋል «ፍላሹ ላይ ሲጽፉም ሆነ ሲያነቡ ባይቶቹን ይገልብጡ» ይላል። ጠይቄያቸውም ይችኑ ዓረፍተ ነገር ቀድተው ላኩልኝ። አመንኳቸው። ታች ያሉትን ሁለት ፈንክሽኖች፣ ማንበቢያውንና መጻፊያውን፣ ከፍቼ በሁለቱም መገልበጫ አስገባሁ። ወዲያው 51፣ 52፣ 59 መጣ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ከዚያ በደንብ ፈተንኩት። ሌሊቱን ሙሉ የዘፈቀደ ዳታ እየጻፈ፣ መልሶ እያነበበ፣ እያመሳከረ አደረ። አንድም ስህተት የለም። በማግስቱ አዲስ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) በድራይቨሬ በኩል ፍላሹ ላይ ጽፌ ቦርዱን አስነሳሁት። ሲሪያል ኮንሶሉ ላይ «ባድ ማጂክ ነምበር» (የፋይሉ መለያ ቁጥር ልክ አይደለም) የሚል መጣና ቆመ።

የጠፋው ጊዜ እዚህ ጋ ነው። ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ እንደገና ሠራሁት። ኮምፓይለር ቀየርኩ። ቺፑ አርጅቷል ብዬ ሌላ ቦርድ አመጣሁ፤ እሱም ያው ሆነ። መልሱ ግን ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ ዓይኔ ሥር ነበር። ሊኑክስን የሚያስነሳው ቡትሎደር ዩ-ቡት ነው፤ ለሱ ያዘጋጀሁት ከርነል ፋይል በ27 05 19 56 ይጀምራል። ከቡትሎደሩ ሆኜ ሜሞሪውን ሳይ የነበረው 05 27 56 19 ነው። አይቼዋለሁ። «ተበላሽቷል» የሚል ሐሳብ ስለያዘኝ፣ አንዳቸውም ሳይጎድሉ ቦታ ብቻ መለዋወጣቸውን ልብ አላልኩም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቡትሎደሩ የኔን ድራይቨር አያውቀውም። ፍላሹን እንደ ተራ ሜሞሪ በቀጥታ ያነባል። የኔ ድራይቨር ሲጽፍ ይገለብጣል፣ ሲያነብም ይገለብጣል። ሁለቴ የተገለበጠ ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል። ያ ሌሊቱን ያደረው ፈተና ሺህ ጊዜ ቢደገም ያልፍ ነበር።

ነገሩ ሲገባኝ ቀላል ነው። መስመሩ ቢሻገርም ዳታውን አይጎዳውም። ቺፑ ጎተራ ነው፤ ውስጡ ያለው ነገር ትርጉሙ አይገባውም። ፕሮሰሰሩ አሻግሮ ያስገባል፣ አሻግሮ ያወጣል፣ ቀጥ ብሎ ይመጣል። መገልበጥ ያለበት ቺፑ ራሱ የሚያነበውና ራሱ የሚናገረው ብቻ ነው፦ ትእዛዙ፣ የሁኔታ ሬጅስተሩና የመጠይቁ መልስ። ሊኑክስ ውስጥ ያለው የሲኤፍአይ መገልበጫ አማራጭም ትእዛዙን ገልብጦ ዳታውን እንዳለ ይቀዳል። እሱን ትቼ የራሴን መጻፌ ትልቁ ጥፋቴ ነው።

የማኑዋሉ ዓረፍተ ነገር እውነት የሚሆንበት አንድ ቦታ አለ። ቺፑ ቦርዱ ላይ ከመበየዱ በፊት በውጭ ፕሮግራመር የሚጻፍ ከሆነ፣ መስመሩ ያልተሻገረ ስለሆነ ፋይሉን መገልበጥ ግድ ነው። የጻፈው ሰው ይህን አስቦ ይመስለኛል። ግን አላለም። አንድ መስመር ቢጨምር ምን ነበረበት?

መገልበጫውን ካነሳሁ በኋላ ሌላ ጉድ ወጣ። የዳታው ርዝመት ጎዶሎ ሲሆን የመጨረሻው ባይት ይጠፋል። ቺፑ የሚቀበለው ሁለት ሁለት ባይት ስለሆነ፣ የቀረውን አንዱን ሁሉም ቢቱ 1 ከሆነ ባይት ጋር አጣምሬ ነበር የምልከው። ያጣመርኩት በሊትል ኢንዲያን (ትንሹ ባይት በሚቀድምበት) ልማድ፣ ዳታውን ከታች አድርጌ ነው። ቢግ ኢንዲያን ላይ ቦታው ከላይ ነው። በቢት ማጣመር ተዉት። ሁሉም ቢት 1 የሆነ ባለ 16 ቢት ቃል አዘጋጅታችሁ ባይቱን በሜሞሪ ኮፒ መነሻው ላይ አኑሩት፤ በሁለቱም ዓይነት ፕሮሰሰር ልክ ይመጣል። እኔ በተጋማሽ ቁጥር ርዝመት ብቻ ስለፈተንኩ አላየሁትም።

የሚያሳዝነኝ ግን ሌላው ነው። ሰባት ቦርዶች በአሮጌው ድራይቨር ወጥተው ደንበኛ እጅ ገብተው ነበር። የመዝገብ ክፍላቸው ጄኤፍኤፍኤስ2 የሚባል፣ ለፍላሽ የተሠራ የፋይል ሥርዓት ነው። በውስጡ ያለው እያንዳንዱ የዳታ ቁራጭ በ1985 መጀመር ሲገባው፣ ትክክለኛው ድራይቨር የሚያገኘው 8519 ነው። «ማጂክ ቢትማስክ አልተገኘም» እያለ ኮንሶሉን ሞላው። ትክክል ማድረጌ የሰዎቹን መዝገብ የማይነበብ አደረገው። ክፍሉን በሙሉ አንብቦ፣ ገልብጦ፣ መልሶ የሚጽፍ ፕሮግራም ሠርቼ ሰባቱንም ራሴ ሄጄ አስተካከልኩ።

አሁን አዲስ ቦርድ ሲመጣ፣ ከሁሉ በፊት 01 02 03 04 05 የሚሉ አምስት ባይቶች በድራይቨሩ በኩል እጽፋለሁ። ቦርዱን እንደገና አስነሳና ከቡትሎደሩ አነባቸዋለሁ። 02 01 04 03 ካየሁ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አምስተኛው ከቦታው ከታጣም አውቃለሁ።