የዲብሪፊንግ ልምምዴ፦ ስድስተኛ ሳምንት

ሰላም ለሁላችሁ። ስኪል ላብ (በአሻንጉሊት የምንለማመድበት ክፍል) ውስጥ ለሚድዋይፈሪ ተማሪዎች አዲስ የተወለደ ሕፃን እንዲተነፍስ ማገዝን አስተምራለሁ። ከልምምዱ በኋላ ያለውን ውይይት፣ ዲብሪፊንጉን፣ በወጉ መምራት መለማመድ ከጀመርኩ ስድስት ሳምንት ሆነኝ።

ድሮ ቼክሊስቱን ይዤ "ይሄን ረሳሽ፣ ያንን ዘለልሽ" እል ነበር። አንገታቸውን ደፍተው "እሺ" ይሉኛል። በሳምንቱ ያው ስህተት ይደገማል።

አሁን የምሞክረው የዲብሪፊንግ ተመራማሪዋ ጄኒ ሩዶልፍና ባልደረቦቿ በ2006 እ.ኤ.አ. የጻፉበትን አካሄድ ነው። መጀመሪያ ያየሁትን እናገራለሁ፣ ቀጥሎ ያሳሰበኝን፣ ከዚያ ተማሪዋ ምን እያሰበች እንደነበር እጠይቃለሁ።

ማክሰኞ ዕለት አንዷ ተማሪ አሻንጉሊቱን አድርቃ፣ ጀርባውን አሸት አሸት አድርጋ፣ አምቡ ባጉን (በማስክ በኩል አየር የሚሰጠውን በእጅ የሚጨመቅ ከረጢት) መጭመቅ ጀመረች። ደረቱ ንቅንቅ አላለም። ማስኩ በአገጩ በኩል ክፍተት ስለነበረው አየሩ እስስ እያለ ሲወጣ እኔ የቆምኩበት ድረስ ይሰማል፣ እሷ ግን መጭመቋን ቀጠለች።

ስንቀመጥ "አየር ስትሰጪ ደረቱ ሲነሳ አላየሁም፤ ሳንባው ጋ እየደረሰ አይደለም ብዬ ሰጋሁ። ያኔ ምን እያሰብሽ ነበር?" አልኳት። ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። በጣም የሚከብደኝ ይሄ ነው፣ አፌን ይበላኛል። በልቤ እስከ አስር ቆጠርኩ።

"ሰዓቱን እያየሁ ነበር" አለች።

ለካ እኔው ነኝ! "ወርቃማዋ ደቂቃ" እያልኩ ስወተውታቸው ነው የከረምኩት። በ60 ሰከንድ ውስጥ ሕፃኑ ወይ ራሱ መተንፈስ ወይ በባግ መታገዝ አለበት፣ እሱ እውነት ነው። ግን ደረቱ ካልተነሳ ጭመቃው ምን ያደርጋል? ቼክሊስቱን ብቻ ባነብላት ኖሮ ይሄን መቼም አልሰማውም ነበር። ወዲያው ደገመችው። ጭንቅላቱን አስተካከለች፣ ማስኩን ነቅላ መልሳ ገጠመች፣ ደረቱ ብድግ አለ። ዓይኗን ከዚያ አልነቀለችም።

ገና ያልተስተካከለልኝ ወሬዬ ነው። በስልኬ ቀድቼ ስሰማው፣ ከ20 ደቂቃው ውይይት 13ቱን ያወራሁት እኔ ነኝ። ለሚቀጥለው ሳምንት ከ10 በታች ለማውረድ አስቤያለሁ።

ሐሙስ ደግሞ አንድ ተማሪ መሃል ላይ አለቀሰ። ዎርድ ውስጥ ያጋጠመውን ሕፃን አስታውሶት ነው። ውይይቱን አቁሜ ይዤው ወጣሁ፣ ሌሎቹን ግን እንዲሁ ተውኳቸው። እናንተ እንዲህ ሲገጥማችሁ ወደ ቡድኑ ትመለሳላችሁ ወይስ ለሌላ ቀን ታሳድሩታላችሁ?