ባለቤቴን የሚፈራው መብራት

ቼክ ኢንጂን የሚባለው የመኪና ዳሽቦርድ ላይ ያለ ቢጫ መብራት ባለቤቴን ይፈራል። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር ያልኩት፤ በኋላ ግን ሳምንት ቆጥሬ አረጋገጥኩ። ትልቋን መኪና እኔ በያዝኩበት ሳምንት ይበራል። እሷ ስትይዛት ጥቂት ቀን ያንገራግርና ጥፍት!

ሌላ ጊዜ ቢሆን ወረቀት ለጥፌበት እኖር ነበር። ግን እዚህ ሰሜን ቨርጂንያ በየሁለት ዓመቱ ኢሚሽን የሚሉትን የመኪና ጭስ ምርመራ ማለፍ አለ፤ ያ መብራት እየበራ ከሄድክ ጭስህ እንደ ዕጣን ቢሸትም ትወድቃለህ። የኛ ቀን ደግሞ ስድስት ሳምንት ብቻ ቀርቶታል።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነገሩን ፓርኪንግ ላይ አነሳሁት። ምን አነሳሳኝ! አንዱ ኮፈኑን እንኳ ሳያስከፍት «ካንዴላ ነው» አለ። ሌላው «ርካሽ ቤንዚን እየቀዳህ ነው» ብሎ ገሰጸኝ። አንድ ጋሼ ግን፣ በደርግ ጊዜ ከባድ መኪና የነዱ ናቸውና ማንም አይከራከራቸውም፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መኪናዋን አንዴ ዞሯትና «ኦክስጅን ሴንሰር» ብለው ዘጉት። የደርግ ጊዜ ከባድ መኪና ላይ ኦክስጅን ሴንሰር የሚባል ነገር እንዳልነበረ ትዝ ያለኝ 140 ዶላር ከፍዬ ካስቀየርኩ በኋላ ነው።

ደግሞ እኮ ጠፋ! ለጋሼ ደውዬ አመሰገንኳቸው፣ እሳቸውም መረቁኝ። ሳምንቱ የባለቤቴ እንደነበር ልብ አላልኩም። በቀጣዩ ሳምንት ተራው የኔ ሆነ፤ ቤንዚን ቀዳሁ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ሳደርስ ትንሿ ልጄ ከኋላ አንገቷን አስግጋ «አባዬ፣ ብርቱካኗ መጣች» አለችኝ።

ተናደድኩና በ22 ዶላር የመኪና ብልሽት ኮድ ማንበቢያ ገዛሁ። ከመሪው ሥር ባለችው ሶኬት ይሰካል፤ ከ1996 ሞዴል ወዲህ እዚህ አገር የተሸጡ የቤንዚን የቤት መኪኖች ሁሉ ሶኬቷ አለቻቸው። ስክሪኑ ላይ «ፒ0457» መጣ። ምን ማለት እንደሆነ የተጻፈበት ወረቀት እጄ ላይ ነው። ግን ከኮዱ ሥር «ይጥፋ?» የሚል አለ፤ እያለ ማን ያነባል? ተጫንኩት። ጠፋ። በማግስቱ እያፏጨሁ ኢሚሽን ሄድኩ።

እዚያ የሚመረምረው ልጅ የራሱን ማሽን ሰካና አየኝ። «ኮድ አጥፍተሃል?»

«እኔ? ኧረ በጭራሽ።»

ለካ ኮድ ሲጠፋ የመኪናዋ ኮምፒውተር እስከዚያ ድረስ ራሱን የመረመረበት ሁሉ አብሮ ይሰረዛል። እንደገና መርምሮ እስኪጨርስ ለቀናት መንዳት ያስፈልጋል። ማሽኑ ደግሞ ይህን ያያል። ፈተና ሳይቀመጥ ሰርተፍኬት ሊቀበል እንደመጣ ተማሪ ቆሜ ቀረሁ። መልሶ ሰደደኝ።

በሳምንቱ ብርቱካኗ ተመለሰች። ማታ ቡና እየጠጣን ትልቁ ልጄ ኮዱን ስልኩ ላይ ጻፈና «የነዳጅ ክዳን አልጠበቀም ይላል» አለ። ባለቤቴ ሲኒዋን አስቀመጠች። ምንም ሳትናገር ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች፤ ተከተልኳት። ክዳኑን ያዝ አድርጋ አዞረችው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

«አንተ እስከየት ነው የምታዞረው?»

«እስኪይዝ።»

«ቀጭ ሲል ሰምተህ ታውቃለህ?»

አላውቅም። አዲስ አበባ የአባቴ መኪና ክዳኗ ጠፍቶ፣ አፏ በጨርቅ ተወትፎ፣ ስንት ዓመት ሰበታ ደርሳ ትመለስ ነበር። እኔ የማውቀው ክዳን እሱ ነው። የዛሬዎቹ ግን የቤንዚን ትነት እንዳያመልጥ ራሳቸውን ይፈትሻሉ፤ ያውም ታንከሩ ጢም ሳይል ባዶም ሳይሆን፣ ብዙውን ጊዜ ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ። ስለዚህ መብራቱ የሚመጣው እኔ በቀዳሁ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ማን ከክዳን ጋር ያያይዘዋል? እሷ ቀድታ ስታጠብቀው ደግሞ ፍተሻው በተከታታይ ሦስቴ ደህና ሲያገኘው መብራቱ በራሱ ይጠፋል። የሚፈራው እሷን ሳይሆን ክንዷን ነበር።

ኢሚሽኑን አለፍን። አሁን ቤንዚን ስቀዳ ልጆቹ መስኮት አውርደው «አንድ! ሁለት! ሦስት!» እያሉ ይቆጥሩልኛል፤ ጎን ያለው ሰውዬ ምን ሎተሪ እንደደረሰን ግራ ይገባዋል።

ባለፈው እሁድ ጋሼ ፓርኪንጉ ላይ መጡና በመስኮቱ ወደ ዳሽቦርዱ አጎንብሰው አዩ።

«ኦክስጅን ሴንሰር ነው ብዬህ አልነበር?» አሉኝ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ሌሎቹም እንዲሰሙ።

ባለቤቴ ከጎኔ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳብ አደረገች።

«ብለውኝ ነበር ጋሼ» አልኩ። «እግዜር ይስጥልኝ።»