ከሎስ አንጀለስ ቶኪዮ፦ ርቀቱን ለፍጥነት አካፍላችሁ ትኬት አትቁረጡ

በታኅሣሥና በጥር ከሎስ አንጀለስ ወደ ቶኪዮ ሄዳችሁ፣ ከዚያ ሌላ በረራ የምትይዙ ከሆነ ይህ ለእናንተ ነው። እኔን ቀድሞ ያስጠነቀቀኝ አልነበረም።

ቪዛውም ክፍያውም ያለ ችግር አለቀ። ጣጣው መሸጋገሪያው ላይ ነው። የጉዞ ወኪሉ ሁለቱን በረራዎች በተለያየ ትኬት ቆረጠልኝ፤ አንዱ ናሪታ ያርፋል፣ ሌላው ከሀኔዳ ይነሳል፤ ሁለቱ የተለያዩ የቶኪዮ ኤርፖርቶች ናቸው። በመካከሉ ያለው ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። «አይጠብም?» ብዬ ጠይቄዋለሁ። ስልኩን አውጥቶ አሰላልኝ፦ «ርቀቱ 8,800 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አውሮፕላኑ በሰዓት 900 ይበራል፤ ዐሥር ሰዓት አይሞላም። ትኬቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት ለጥንቃቄ ነው።» እንጀራው ትኬት መቁረጥ የሆነ ሰው እንዲህ ይላል? እስካሁን ያበግነኛል።

ያ 900 አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ የሚበርበት ፍጥነት ነው። አየሩ ራሱ ግን ይሮጣል። ጄት ስትሪም የሚባለው የከፍታ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ በእነዚህ ወራት ጃፓን ላይ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ወደ ቶኪዮ ስትሄዱ በመንገዱ ሁሉ ከፊት በአማካይ 150 ቢገፋችሁ እንኳ የሚቀረው 750 ነው፤ 8,800 ለዚያ ሲካፈል ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው። አብራሪዎቹ ነፋሱን ለመሸሽ ከአጭሩ መስመር ሲወጡ ደግሞ ርቀቱ ይጨምራል። በመልሱ ጉዞ ያው ነፋስ ከኋላ ገፍቶን ዐሥር ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ደረስን።

በሄድኩበት ቀን ነፋሱ በረታ፤ ትኬቱ ላይ ካለው ሰዓትም አርፍደን ናሪታ አረፍን። በአንድ ትኬት፣ በአንድ ኤርፖርት ቢሆን ኖሮ ሻንጣዬ በቀጥታ ሊያልፍ ይችል ነበር። አሁን ግን ኢሚግሬሽን ተሰልፌ፣ ሻንጣዬን ጠብቄ፣ ጉምሩክ አልፌ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ በአውቶቡስ ተጉዤ ሀኔዳ ስደርስ ቼክ ኢን ተዘግቷል። አውሮፕላኑ ገና አልተነሳም፤ በመስታወቱ ይታያል። የባንኮኒዋ ሠራተኛ «ያመጣዎት በረራ እኛን አይመለከትም» አለችኝ። ያመጣኝ አየር መንገድ ደግሞ «እኛ ቶኪዮ አድርሰንዎታል» አለ። ትኬቱ ተቃጠለ፣ አዲስ ገዛሁ። ወኪሉ ጋ ስደውል «የአየር ጠባይ ነው» ብሎ ዘጋው። ጥር ላይ ነፋስ መኖሩን ሊነግረኝ የሚገባው እሱ ነበር!

አየር መንገዶች የሚያወጡትን «አነስተኛ የመሸጋገሪያ ጊዜ» በተለያየ ትኬት ለምትሄዱ አትመኑት፤ የሚሠራው በአንድ ትኬት ለተያያዙ በረራዎች ነው። በተለያየ ትኬት ኤርፖርት የምትቀይሩ ከሆነ ስድስት ሰዓትም አልመክርም፤ አንድ ሌሊት እደሩ። ጃፓን ለመግባት ቪዛ የሚያስፈልገው ፓስፖርት ካላችሁ፣ በናሪታና በሀኔዳ መካከል ለመሄድም ያስፈልጋችኋል።

የሰዓት ልዩነቱንም በቀን ቁጥሩ ፈትሹ። በእነዚያ ወራት ቶኪዮ ሎስ አንጀለስን በ17 ሰዓት ትቀድማለች፤ ሰኞ እኩለ ቀን የተነሣ ማክሰኞ ወደ ማታ ይደርሳል። በመልሱ ማክሰኞ 17:00 (ትኬቱ ላይ በሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር) ከቶኪዮ ብትነሡ ሎስ አንጀለስ የምትደርሱት በዚያው ማክሰኞ ጠዋት፣ 10:00 ገደማ ነው። ወኪላችሁን ርቀቱን አትጠይቁት፤ ያ የበረራ ቁጥር ባለፈው ወር በየቀኑ በስንት ሰዓት እንዳረፈ አሳየኝ በሉት። የበረራ መከታተያ ድረ ገጾች ላይ ይገኛል፤ ማሳየት ካልፈለገ ሌላ ወኪል ፈልጉ።