ድንጋይ የምትበላው ካሜራ

ዛሬ ካሜራ ገዛሁ። ያገለገለች ናት፤ ግን የኔ ናት። መብራት ከሄደ ሁለት ሰዓት አልፎታል፤ ጠረጴዛው ላይ ከሻማው አጠገብ አስቀምጫት ነው የምጽፈው። የጥቅምት ብርድ ገብቷል። የባሕር ዳሯ ሰፈሬ ሽምብጥ ጭር ብላለች። ከሐይቁ በኩል የእንቁራሪት ድምፅ ብቻ ይሰማል።

ነገሩ የጀመረው ሐምሌ ላይ ነው። አንድ ጠዋት ስልኬ አልበራም አለ። ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ከፍቶ አገላብጦ አየውና «ቦርዱ ተቃጥሏል እህቴ፤ ውስጡ ያለው አይመለስም» አለኝ። ውስጡ የሦስት ዓመት ፎቶ ነበር። የታናሽ እህቴ ምርቃት፣ የእማዬ የሚካኤል ዝክር፣ ዘጌ በጀልባ የሄድን ቀን። ሌላ ቦታ አላስቀመጥኳቸውም። ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እማዬ ምንም አላለችኝም። ሳጥኗን ከፈተችና ከቀሚሶቿ ሥር ያረጀ ፖስታ አወጣች። የሠርጓ ቀን የተነሳችው፤ የኔ ክርስትና፤ አባዬ በጎረምሳነቱ ጊዮርጊስ በር ላይ ቆሞ። ጠርዛቸው ተልጧል፣ ጥጋቸው ተጣጥፏል። ግን አሉ። አንድ በአንድ አልጋው ላይ ደረደረችልኝና «እኒህ ቻርጅ አይፈልጉም» አለች። ያን ቀን ወሰንኩ። ካርዱን አውጥቼ የማስቀምጠው፣ ፎቶውን ወስጄ የማሳጥበው ካሜራ እገዛለሁ አልኩ።

«ስልክ እያለ ካሜራ ምን ያደርግልሻል?» ያላለኝ ሰው የለም። አዲስ ስልክ ገዝቻለሁ፤ ርካሹን። ፎቶም ያነሳል። ግን ስልክ ሳወጣ ሁልጊዜ ሌላ ነገር ይጠብቀኛል። መልእክት አያለሁ፣ መልስ እጽፋለሁ፣ ቀና ስል ያየሁት ነገር አልፏል። ደግሞ እማዬ ስልክ ስደቅንባት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትስባለች። «ኢንተርኔት ላይ ልታወጪኝ ነው» ትላለች። የምታምነው በወረቀት ላይ ያለ ፎቶን ብቻ ነው።

የመደብኩት 12 ሺህ ብር ነበር። ከሐምሌ እስከ መስከረም ከደሞዜ እየቀነስኩ ያጠራቀምኩት። በዚህ ብር አዲስ ጥሩ ካሜራ እንደማይገኝ ሁለት ሱቅ ስዞር ገባኝ። አዲስ የሚባሉት ስማቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው ናቸው። አንዱ ካርቶኑ ላይ በትልቁ «48 ሜጋፒክስል፣ 16 እጥፍ ዙም» ይላል። ባለሱቁ እያነሳሳ አሳየኝ። ዙሙን ሲጫን ሌንሱ ንቅንቅ አላለም። ዙም ሲደረግ ሌንሱ ከውጭም ከውስጥም ካልተንቀሳቀሰ፣ የሚያደርገው ምስሉን ቆርጦ መለጠጥ ብቻ ነው። ያንን ቤት ቁጭ ብዬ እኔም አደርገዋለሁ። የግድግዳውን ማስታወቂያ በ16 እጥፍ ሲያነሳው ፊደሎቹ እንደረጠበ ወረቀት ሟሙተው ወጡ።

በዚህ ሜጋፒክስል በሚባል፣ ፎቶው ከስንት ሚሊዮን ነጥብ እንደተሠራ በሚናገር ቁጥር ብዙ ሰው ብሩን ይበላል፤ እኔም ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ሒሳቡን ቤት ሠራሁት። ፎቶ ቤት የሚያጥቡት 10 በ15 ሴንቲሜትር ፎቶ ጥርት ብሎ እንዲወጣ 2 ሜጋፒክስል ገደማ ይበቃዋል። በትልቅ ወረቀት፣ በኤ4 መጠን ላሳጥበው ብል እንኳ 9 ገደማ ነው። የቀረው ቁጥር ለካርቶኑ ነው። ዋናው ነገር ከሌንሱ ኋላ ያለችው ብርሃን የምትቀበለው ሴንሰር ናት። በርካሽ ትናንሽ ካሜራዎች ውስጥ ያለችው 6 ሚሊሜትር በ4 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ናት። የትንሿ ጣት ጥፍር ትበልጣታለች። አንድ እንጀራ ለአስር ሰው ሲቆረስና ለአርባ ሰው ሲቆረስ አስቡት። እንጀራው ያው ነው፤ የያንዳንዱ ጉርሻ ነው የሚያንሰው። ብርሃንም እንደዚያ ነው፤ ነጥቡ ሲበዛ ለያንዳንዱ የሚደርሰው ያንሳል።

ስለዚህ ያገለገለ ፍለጋ ገባሁ። ሦስት እጄ ላይ ገቡ።

የመጀመሪያው ሶኒ ሳይበርሾት ደብልዩ 800 ነው። ቀጭን፣ ቀላል፣ 20 ሜጋፒክስል፣ 5 እጥፍ እውነተኛ ዙም። ኪስ ውስጥ ይጠፋል። ቀን ላይ ጥሩ ያነሳል። አልጠላሁትም፤ ግን አልያዘኝም። ውጭ ፀሐይ ላይ ስክሪኑ መስታወት ሆኖ የራሴን ፊት ብቻ አሳየኝ። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የቀትሯ ፀሐይ ለስክሪን አትራራም።

ሁለተኛው ልቤን ወሰደው። ካኖን ኤስ 95፣ በ2010 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣ። የሥራ ባልደረባዬ ዘመድ ከውጭ ይዞት መጥቶ ሊሸጠው ፈልጓል። 10 ሜጋፒክስል ብቻ ነው። ግን ሴንሰሩ በስፋት የሶኒውን አንድ ተኩል እጥፍ ያህላል። ሌንሱ ዙም ሳይደረግ ኤፍ 2 ድረስ ይከፈታል፤ የሶኒው ኤፍ 3.2 ነው። ይህ ቁጥር ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል። ሲሰላ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ብርሃን ያስገባል ማለት ነው። በቁጥር ሲነገር ምንም አይመስልም።

ለአንድ ቀን አዋሱኝና ቤት ይዤው ገባሁ። እማዬ ቡና እየቆላች ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያለችው አንዲት አምፖል ናት። ፍላሹን አጥፍቼ፣ ክርኔን ጉልበቴ ላይ ተክዬ፣ ትንፋሼን ይዤ አነሳሁ። ስክሪኑን ሳየው ዝም አልኩ። መቁያው ላይ ያለው ቡና ግማሹ ጠቁሯል፣ ግማሹ ገና ቡናማ ነው። ገለባው ከፍሬው ተላቆ ሲበር ይታያል። ጭሱ ከምጣዱ ተነስቶ በግራ እጇ አንጓ ዙሪያ ይጠመጠማል። አውራ ጣቷ ላይ ያለችው የድሮ የቃጠሎ ጠባሳ እንኳ አለች። በስልኬ ያንኑ ሳነሳ ሁሉም ቢጫ ጭቃ ነበር የሆነው።

አልገዛሁትም። ዋጋው ከመደብኩት ይበልጥ ነበር፤ ያንን ለምኜም ተበድሬም እወጣው ነበር። የመለሰኝ ባትሪው ነው። የራሱ ዓይነት ባትሪ ብቻ ነው የሚቀበለው። የነበረው አብጧል፤ ከቤቱ ለማውጣት በምስማር ጫፍ ጎትቼዋለሁ። ከተማውን ዞሬ ምትኩን አላገኘሁም። መብራት እንደልቡ በሚሄድበት ሰፈር፣ አንድ ባትሪ ብቻ ያለው ካሜራ ይዤ በጥምቀት ቀን መሐል ላይ ቢዘጋብኝ ምን አደርጋለሁ? ስመልሰው እጄ ከበደኝ። አሁንም ሳስበው ቅር ይለኛል።

ሦስተኛዋን ያገኙልኝ ጋሼ ናቸው። ጋሼ ድሮ ፎቶ ቤት ነበራቸው። 36 ፎቶ የሚወጣው ጥቅልል ፊልም በነበረበት ዘመን የሰፈራችንን ሠርግና ምርቃት ሁሉ ያነሱት እሳቸው ናቸው። ከእማዬ ፖስታ ውስጥ ካሉት ሁለቱ ጀርባ ላይ የሳቸው ማኅተም አለ። ጡረታቸውን ይዘው ቤታቸው ተቀምጠዋል። ነገሬን ስነግራቸው ሳቁና «ልጄ፣ ካሜራ ስትገዢ መጀመሪያ ሆዱን ክፈቺ» አሉኝ።

ሆዱን ማለት የባትሪውን ቤት ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ ባትሪ ፈስሶበታል፤ ተዪው አሉ። ክዳኑ ጠቅ ብሎ ካልገጠመም እንዲሁ። ቀጥሎ አምስት ጊዜ አብሪ አጥፊ፤ ሌንሱ ሲወጣ ሲገባ ድምፁ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ካንገራገረ አሸዋ በልቷል። ቀጥሎ ነጭ ግድግዳ አንሺ፤ ሁሉም ፎቶ ላይ ያው ቦታ ጥቁር ነጥብ ካለ ውስጡ አቧራ ገብቷል። ሌንሱን ወደ ብርሃን አዙረሽ እዪ፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ ሐይቅ ዳር እርጥበት አለ፣ ሻጋታ ይወዳል። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ ጣቶቻቸው አየሩ ላይ ካሜራ ይዘው ነበር።

ያገኙልኝ ካኖን ፓወርሾት ኤ 1200 ናት። በ2011 እንደ ፈረንጆች የወጣች፣ 12 ሜጋፒክስል፣ 4 እጥፍ ዙም። ከሦስቱ ወፍራሟ እሷ ናት። ሆዷን ከፈትኩ። ሁለት ድንጋይ። ይኸው የሬዲዮ፣ የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ! የትኛውም ኪዮስክ የሚሸጠው። ንጹሕ ነው፣ ዝገት የለም። ከመደብኩት ብር ተርፎኝ ገዛኋት።

ስለ ድንጋዩ ግን ጋሼ አስጠንቅቀውኛል፤ እውነታቸውን ነው። ተራውን ርካሽ ድንጋይ ስከትባት ጥቂት አንስታ «ባትሪ ቀይር» አለችኝ። ድንጋዩ አልሞተም፤ ለሰዓት ይሆናል። ካሜራ ግን ባንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ተራው አይችላትም። አልካላይን የሚለው ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው ቻርጅ የሚደረገው ነው። ላዩ ላይ 1.2 ቮልት ይላል፤ ከሌላው 1.5 ያንሳል ብላችሁ አትተዉት፣ ለካሜራ የሚስማማው እሱ ነው። አራት ገዛሁ። ሁለቱ ሆዷ ውስጥ፣ ሁለቱ ተጠባባቂ። መብራት ጠፍቶ ሁሉም ቢያልቁ አልካላይን ከኪዮስክ አለልኝ።

ማታ ላይ ደካማ ናት። አሁን በሻማው ብርሃን ሞከርኳት፤ ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ፍላሿም አንዴ ከበራ በኋላ እስኪሞላ ያስጠብቃል። የቡናውን ጭስ እንደዚያኛው አታነሳልኝም። ይህንን አውቄ ነው የገዛኋት።

11 ሰዓት ላይ እማዬን ይዤ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ጣና ሞልቷል፤ ውሃው ከደንገሉ ሥር ገብቷል። ሻላዎች ዓሣ የሚጸዳበት ቦታ ላይ ተሰብስበው ነበር። እማዬ የታጠበ ነጠላዋን ለብሳለች። አነሳኋት። ነጠላው አመድ መስሎ ወጣ! ይህንንም ጋሼ ነግረውኝ ነበር። ካሜራ ነጭ ነገር ሲበዛበት ብርሃን የበዛ ይመስለዋል፣ ያጨልማል። ስለዚህ በእጅ ብርሃኑን አንድ ሁለት ደረጃ ከፍ ማድረግ ነው። ከፍ አደረግኩና ደግሜ አነሳሁ። ነጠላው ነጭ ሆነ፤ ጥለቱም ተለየ። ከዚያ ውሃውን ከኋላዋ አድርጌ ሳነሳት ደግሞ ፊቷ ጠቆረ። የሚያበራው ሐይቅ ነው፤ እሷ ጥላ ውስጥ ናት። ፍላሹን አበራሁ፤ በጠራራ ብርሃን። አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ «ቀን በቀን መብራት?» ብለው ገረማቸው። ፎቶውን አሳየኋቸው። የእማዬ ፊት ከነፈገግታዋ፣ ከኋላዋ ጣና። «በይ እኔንም» አሉ። ሳሳጥብ አመጣላቸዋለሁ ብያለሁ፤ አመጣለሁም።

ከዚያ እማዬ እጇን ዘረጋች። «እስቲ አምጪው» አለች።

ስልክ ስሰጣት እንዲህ ብላ አታውቅም። «በየት ነው የሚታየው?» ብላ ሳትጠይቀኝ ካሜራውን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ይህቺ ካሜራ ከላይዋ ትንሽ የመስታወት ቀዳዳ አላት። አብዛኞቹ የዛሬ ትናንሽ ካሜራዎች ትተውታል። እማዬ የምታውቀው ካሜራ ግን እንዲህ ያለውን ነው፤ በልጅነቴ አጎቴ ያመጣው ባለፊልሙ እንዲህ ነበር። አንድ ዓይኗን ጨፈነች። ፀሐይ ቢኖር ባይኖር ቀዳዳው ግድ የለውም። «ቁሚ በደንብ። አንገትሽን ቀና» አለችኝ። ጠቅ።

ስክሪኑ ላይ አብረን አየነው። እኔ መሐል ላይ ቆሜያለሁ። በግራ ጠርዝ በኩል የታንኳ አፍንጫ አለ። እንጨት የጫነች ታንኳ፣ የደንገሉ እስር አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ የቀዛፊው ክንድ እስከ ክርኑ። እማዬ አፏን ያዘች።

«ይሄ አልነበረም» አለች።

«ነበረ እማዬ።»

«እኔ አላየሁትማ!»

ቀዳዳው ከሚነሳው ጠበብ አድርጎ እንደሚያሳይ ነገርኳት። በቀዳዳው ከታየሽ ውጭ፣ ዳር ዳር ላይ ትንሽ ይጨመራል አልኳት። ቀና ብላ ሐይቁን አየች። ታንኳዋ ወደ ዳር ተጠግታለች፤ ሰውየው እንጨቱን እየፈታ ነው። ደግማ ስክሪኑን አየች። ከዚያ ካሜራውን ወደ ዓይኗ መለሰችና ወደ ውሃው ዞረች።

«ድንጋዩ አላለቀም አይደል?» አለችኝ።