አምባ አራዳም በሮማውያን አፍ

ሮም ውስጥ ቁም ሣጥን ሲተራመስ፣ ልጆች ሳሎኑን ሲያምሱት፣ መንገድ ላይ መኪና ከመኪና ሲቆላለፍ ሰዉ የሚላት አንዲት ቃል አለች፤ «ኬ አምባራዳን!» ምን ዓይነት ትርምስ ነው! እንደ ማለት። የተማረውም ያልተማረውም፣ አያትም የልጅ ልጅም ይላታል። ስድብ አይደለችም። ሲሏት እንዲያውም ፈገግ ብለው ነው።

እኔ የምሠራው ባዳንቴ ሆኜ ነው። ሥራውን ለማያውቅ፣ አዛውንት ቤት አብሮ እየኖሩ ማብሰል፣ ማጠብ፣ መድኃኒት በሰዓቱ ማዋጥ ነው። የምጦራቸው ሲኞራ ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል፤ ልጃቸው በየቀኑ ማታ እየመጣች ታያቸዋለች። ቋንቋውን የለመድኩት ከእናትና ከልጅ አፍ ስለሆነ አምባራዳንንም ከማንኪያውና ከፎጣው ስም ጋር አብሬ ተቀበልኩት። ከየት መጣ ብዬ የምጠይቅበት ምክንያት አልነበረኝም።

የነገሩኝ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ከኔ በፊት ብዙ ዘመን ሮም የኖሩ ሴት ናቸው። እዚህ አገር ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ዕረፍቱ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ አበሻ ከአበሻ ይገናኛል። (ከጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል። በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ለደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። አውቶቡስ የምንጠብቀው እዚያ ነው።) ቡና ይዘን ስለ ሥራ ስናወራ ቃሏን ጣል አደረግኋት። እትዬ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«የማንን ስም እንደጠራሽ ታውቂያለሽ?»

«ምን አልኩ እትዬ?»

«አምባ አራዳም እኮ ነው። ራስ ሙሉጌታ የተዋጉበት ተራራ።»

አምባ አራዳም ከመቀሌ በስተደቡብ የሚገኝ አምባ ነው። በየካቲት 1928 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትሩ ራስ ሙሉጌታ ይገዙ ሠራዊታቸውን ይዘው እዚያ መሽገው ነበር። በወጣትነታቸው ዓድዋ የዘመቱ፣ በዚያን ጊዜ ግን የሸመገሉ ሰው ነበሩ። የጣሊያን ጦር አዛዥ ማርሻል ባዶሊዮ ተራራውን በመድፍና በአውሮፕላን ቀጠቀጠው። ያ ሁሉ ሰው ከአምባው ከወረደ በኋላም አልተተወም፤ ወደ ደቡብ ሲያፈገፍግ አውሮፕላኖቹ ከላይ እየተከተሉ ቦምብ አዘነቡበት። ራስ ሙሉጌታ በዚያ ጉዞ ላይ ሞቱ፤ ልጃቸውም እንዲሁ። በዚያ ጦርነት ጣሊያን የመርዝ ጋዝ ተጠቅሟል። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1925 የጋዝ ጦርነትን የሚከለክለውን የጄኔቭ ስምምነት ፈርማ ነበር። የመከላከያ ሚኒስቴሯ ጋዙን መጠቀሟን በይፋ ያመነው ግን በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። ስድሳ ዓመት ሙሉ የካዱትን፣ ተራራው በአፋቸው ላይ ቃል ሆኖ ሲዞር ኖሯል።

ቃሉ ሮም የገባው ከዘመቻው በተመለሱ ወታደሮች አፍ ነው ይባላል። ውጊያው ከባድ ነበር፤ ማን ከማን ጋር እንደወገነ እንኳ መለየት ያስቸግር ነበር ይላሉ። ስለዚህ ቤታቸው ገብተው ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ባዩ ቁጥር «ይሄማ አምባ አራዳም ነው» አሉ። ልጆቻቸው ሁለቱን ቃላት አንድ አደረጓቸው፤ መጨረሻ ላይ ያለችው ምም ን ሆነች። የልጅ ልጆቻቸው ዘንድ ሲደርስ ተራራው ጠፍቶ ትርምሱ ብቻ ቀረ።

በማግስቱ ለሲኞራ ነገርኳቸው። ካርታ አምጪ አሉኝ። የስልኬን ካርታ አስፍቼ አሳየኋቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ቆዩ። «ወንድሜ ትምህርት ቤት ካርታ ላይ ትናንሽ ባንዲራ ይሰካ ነበር» አሉ። «ዛሬ ይቺ ከተማ ተያዘች፣ ነገ ያቺ። እኔ ሕፃን ነበርኩ፣ ባንዲራዎቹ ያምሩኝ ነበር። አምባራዳን ተራራ መሆኑን ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።» ልጃቸው ማታ ስትመጣ እሳቸው ራሳቸው ነገሯት። ፊቷ ቀላ። «ክፉ አስቤ አይደለም እኮ» አለችኝ።

አምናታለሁ። የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው። ክፉ ብታስብ ኖሮ ቢያንስ እኛን አስባ ነበር። ሰው የሞተበት ቦታ በአፉ እያለፈ፣ የሞቱት ግን አንድም ጊዜ ትዝ አይሉትም። ቃሉን ስሰማ የሚቆረቁረኝ በስድብነቱ አይደለም፤ ባዶ በመሆኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጆሮዬ እንደዚህ ዓይነት ስሞችን ይለቅም ጀመር። ሮም ውስጥ ቲኬት ሳይቆርጥ አውቶቡስ የሚሳፈር ሰው «ፖርቱጌዜ» ይባላል፤ ፖርቱጋላዊ ማለት ነው። የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የፖርቱጋል ኤምባሲ አንድ የሮም ቲያትር ቤት ውስጥ ዝግጅት አደረገ፤ ፖርቱጋላዊ ነኝ ላለ መግቢያው ነፃ ነበር። ሮማውያኑ ይህን ሰምተው ፖርቱጋላዊ ነን እያሉ ገቡ። ያጭበረበሩት ሮማውያን፣ ስሙ የቀረው ፖርቱጋላውያን ላይ! ብዙ ሲጋራ የሚያጨስ ደግሞ «እንደ ቱርክ ያጨሳል» ይባላል። ቀጫጭን ልጅ «ቢያፍራ» ይባል ነበር። ቢያፍራ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1970 ከናይጄሪያ ተገንጥላ የነበረች ምድር ናት፤ ሕፃናቷ በረሃብ ሲያልቁ ዓለም በፎቶ አየ። አገሪቱ ከካርታ ከጠፋች በኋላ ስሟ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የቀጫጭን ልጆች መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

የእኛም ተራ መጣ። በጥቅምት 1984 እ.ኤ.አ. ቢቢሲ ከኮረም ያስተላለፈው ዘገባ ዓለምን ካዳረሰ በኋላ «ኢትዮጵያዊ» ማለት በብዙ አገር ልጆች አፍ አጥንቱ የወጣ ሰው ማለት ሆነ። እትዬ ያን ዘመን እዚሁ ነበሩ። አሠሪያቸው አገራቸውን ከሰሙ በኋላ ምግብ በሳህናቸው ላይ ይከምሩላቸው እንደነበር ይናገራሉ። «ደግነት ነው፤ እግዜር ይስጣቸው» ይላሉ። «ግን እኔ ጠግቤ ነበር የመጣሁት። እንዲህ ብዬ ብነግራቸው ማን ይሰማኛል?» ዛሬም እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን ይህን ይሰማሉ። የአንዲት ጓደኛዬ ልጅ ሯጭ ነው፤ ቁመናው የሯጭ ነው። ክፍል ውስጥ በምን ስም እንደሚጠሩት እናቱ ስትነግረኝ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እኛስ? አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ ቶሎ ሲሰበር «የቻይና ነው» ይባላል። ዓይኑ ጠበብ ያለ ሰው ሁሉ፣ ጃፓናዊም ይሁን ኮሪያዊ፣ ሠፈር ውስጥ ሲያልፍ ልጆች «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ይከተሉታል። «ዓረብ አገር ሄደች» ስንል የአንዲት ልጅ ጉልበትና እንባ በሁለት ቃል ተጠቅልሎ ያልፋል። ይሄን የምጽፈው ጣሊያኖቹን ነፃ ለማውጣት አይደለም። የሰውን አገር ስም የራስ ዕቃ ማድረግ ለማንም ቀላል እንደሆነ ስላየሁ ነው።

ስማችን ሁሌም በክፉ አልተነሳም። የኢጣሊያ ጦርነት ጋዜጣውን በሞላበት በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. እንግሊዞች ሲሰነባበቱ «አቢሲኒያ!» ይባባሉ ነበር፤ «አይል ቢ ሲይንግ ዩ» በፍጥነት ሲባል እንደዚያ ይሰማላ! ኒውዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1808 በቀለም ተለይተን አንቀመጥም ያሉ ጥቁር ምእመናን ያቋቋሟት ቤተ ክርስቲያን አቢሲኒያን ትባላለች፤ ዛሬም ሃርለም ውስጥ አለች። ለእነሱ ስሙ ክብር ነበር። ሜክሲኮ ደግሞ ለጣሊያን ወረራ ዕውቅና አንሰጥም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። በዋና ከተማዋ የምድር ባቡር መሥመር ላይ ኢትዮጵያ የሚባል ጣቢያ አለ፤ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። እኛም ሜክሲኮ አደባባይ አለን። ጣሊያን ቤት እየሠራሁ ይሄን ሳስብ ልቤ ሞቅ ይላል፣ አልደብቅም።

ሮምም ላይ የባቡር ጣቢያ ነገር ነበር። ላተራኖ አጠገብ አምባ አራዳም የሚባል መንገድ አለ፤ ሲኞራን ለሕክምና ስወስዳቸው የማልፍበት ነው። እዚያ ይሠራ የነበረው አዲስ የምድር ባቡር ጣቢያም በዚሁ ስም ሊጠራ ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. ክረምት ብዙ ሰው ተቃወመ፤ በጅምላ ሰው ያለቀበትን ድል ለምን እናከብራለን አሉ። የከተማው ምክር ቤትም ጣቢያው በጆርጆ ማሪንኮላ ስም እንዲሰየም ወሰነ። ማሪንኮላ እናቱ ሶማሊያዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ ነበሩ፤ ከናዚዎች ጋር ሲዋጋ በግንቦት 1945 የተገደለ አርበኛ ነው።

እኔ በውሳኔው ደስ ብሎኛል። እትዬ ግን ተከፉ። «ማሪንኮላ ጀግና ነው፤ ስም ይገባዋል» አሉ። «የኛን ተራራ ግን ከነጭራሹ ካነሱት ማን ያስታውሰዋል? አፋቸው ላይም ቢሆን ይኑር። አንድ ቀን አንድ ልጅ ምን ማለት ነው ብሎ ይጠይቅ ይሆናል።» ማንም እንደማይጠይቅ ሲኞራ ምስክር ናቸው አልኳቸው፤ ዘጠና ዓመት ሙሉ ብለውት አልጠየቁም። «አንቺ ስትነግሪያቸው ግን ካርታ አስመጡ» አሉኝ። ለዚህ መልስ አጣሁ።

ሐሙስ በተገናኘን ቁጥር ክርክሩ ይነሳል። የተስማማንበት አንድ ነገር ቢኖር የመንገዱ ስም ካልተነሳ በቀር ከሰሌዳው ሥር ሌላ ትንሽ ሰሌዳ እንዲጨመር ነው። ጽሑፉን እትዬ ናፕኪን ላይ በአማርኛ ጻፉት፣ እኔ ወደ ጣሊያንኛ መለስኩት፣ የሲኞራ ልጅ ስሕተቱን አረመችልኝ። ለማዘጋጃ ቤቱ የምናስገባውም እሱን ነው፦ «አምባ አራዳም፣ ትግራይ ውስጥ ከመቀሌ በስተደቡብ ያለ ተራራ ነው። በየካቲት 1936 እ.ኤ.አ. ራስ ሙሉጌታ ይገዙና ሠራዊታቸው አገራቸውን ከጣሊያን ወረራ ሲከላከሉ እዚያ ተዋጉ።»