ማንን ታገኝበታለህ?

እሁድ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ያካፋል። የዚህ የእንግሊዝ አገር ካፊያ እንደኛ ክረምት አይደለም። ወርዶ አይገላግል፣ ትቶም አይሄድ። ቤት ውስጥ መቀመጥ አስጠላኝና ቡናዬን ይዤ ጋራዥ ገባሁ። ከኋላ ካለው የራዲዮ ባትሪ ሳጥን አራት ሽቦ ነቀልኩ። ከዚያ ሰለቸኝ።

አዎ፣ ያቺ ላንድሮቨር። "እስካሁን አልሸጥካትም?" ለምትሉኝ፣ አልሸጥኳትም። እ.ኤ.አ. በ1976 ለእንግሊዝ ጦር የተሠራች ናት፣ ገና ከፋብሪካው ራዲዮ እንድትሸከም ታስባ። እንዲህ ዓይነቶቹ በ24 ቮልት ነው የሚሠሩት። ለሞተሩ ሁለት ባትሪ፣ ለራዲዮው ሌላ ሁለት፣ ዲናሞዋ ደግሞ 90 አምፔር የሚሰጥ ጉድ። ካንዴላዎቿ ሳይቀሩ በብረት ተሸፍነው ነበር። አለበለዚያ የሞተሩ ብልጭታ ራዲዮው ውስጥ ገብቶ ይንጫጫል። ቆማ ባትሪዋን እንድትሞላ ነዳጅ የሚሰጣት በእጅ የሚሳብ ነገር ሁሉ ነበራት።

ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ይህን ሁሉ ነቃቅሎ ወደ 12 ቮልት ቀየራት። አልፈርድበትም። የ24 ቮልት ዕቃ ውድ ነው፣ እንደ ልብም አይገኝም። ግን ክሩስኮቷ ላይ ቴፕ ገጠመላት። ራዲዮ መኪና ላይ ቴፕ! ባለፈው ወር እሱን ሳወጣ ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። "የሚሠራውን አውጥተህ የማይሠራ ልትገጥም ነው?" አለች። ልክ ናት። ምን እላለሁ?

ወደነበረችበት መመለስ ሲባል ደግሞ ቀላል ይመስላል። የቱ ነው የነበረችበት? ከፋብሪካ ስትወጣ ጦሩ ላርክስፐር የሚባሉትን ባለ ቫልቭ (አምፖል በሚመስሉ የመስታወት ቱቦዎች የሚሠሩ) ራዲዮዎች ነበር የሚጠቀመው። ሲ42 የሚሉት ሳጥን ብቻውን ወገብ ይቆርጣል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ክላንስማን የሚባለው አዲስ ራዲዮ መጣና እነዚያ ወረዱ። የቀለሙም ነገር ያው ነው። ፓራፋንጎዋን ስፍቀው አራት ዓይነት አረንጓዴ ተደራርቦ አገኘሁ። አራቱም የእሷ ናቸው። እኔ ክላንስማንን መረጥኩ። ታሪካዊ ምክንያት እንዳትጠብቁ፣ ርካሽ ስለሆነ ነው።

ለማንኛውም፣ በሳምንቱ መሀል ከነማይኩ የጆሮ ማዳመጫ በፖስታ መጥቶልኝ ነበር። ዛሬ ከካርቶኑ አወጣሁት። ገመዱ ላይ ስትናገር የምትጫነው ቁልፍ አለው። ከምንም ጋር አልተያያዘም። ዝም ብዬ ተጫንኩት። ቀጭ። ለቀቅኩት። ቀጭ።

አባባ ትዝ አለኝ።

አባባ በጦሩ ውስጥ የመገናኛ ሰው ነበር። ዋዝ ላይ ከራዲዮ ጋር ስንት ዓመት እንደተንገላታ በቅጡ ነግሮን አያውቅም። እኛም አንጠይቅም። እኔ የማውቀው ስልክ ላይ ያለውን አባባን ነው። ሳወራው ጸጥ ይላል። "እህ" የለ፣ "እሺ" የለ። "ሃሎ? አባባ? አለህ?" እላለሁ። አለ። እስክጨርስ እየጠበቀኝ ነው። ስጨርስ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገርና "አለቀ" ብሎ ጆሮዬ ላይ ይዘጋዋል። ቻው እንኳን የለም። እዚህ አገር እንደመጣሁ በዚህ ነገር ስንት ቀን አኩርፌያለሁ። አይወደኝም ብዬ የደመደምኩበት ዓመትም ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ይቅር በሉኝ።

ለካ ቁልፉ ነው! በእንዲህ ያለ ራዲዮ ቁልፉን ተጭነህ እስከያዝክ ድረስ ትናገራለህ እንጂ አትሰማም። ሌላው እየተናገረ መሀል ብትገባ ሁለታችሁም ትበላሻላችሁ። ስለዚህ ሰው ሲናገር ዝም ትላለህ። ተራህ ሲደርስ ታሳጥራለህ፣ ምክንያቱም ማን እየሰማህ እንደሆነ አታውቅም። መጨረስህን ትናገራለህ፣ ትለቃለህ። "እህ፣ እህ" እያልክ አየሩን አትይዝም። እኔ ጠላኝ ብዬ የማለቅስበት ጸጥታ፣ ለካ ሰውየው መስመሩን ለቆልኝ ነው።

እንዲያውም የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ለአባባ ተብሎ የተሠራ ይመስለኛል። ቪዲዮ መደወል እስካሁን አልቻለበትም፣ ጣሪያውን ነው የሚያሳየን። የድምፅ መልእክት ግን ማንም ሳያስተምረው ጀመረ። በአውራ ጣትህ ተጫን፣ ተናገር፣ ልቀቅ። እህቴ "ማን አሳየህ?" ስትለው "ይሄ ደግሞ ምኑ ይታያል?" አላት። እና እዚያ ላይ ሌላ ሰው ነው። ይቀልዳል፣ ሰው ያማል። አንዴ ስለ ጎረቤት አውራ ዶሮ አራት ደቂቃ አወራኝ። አራት ደቂቃ! መጨረሻው ላይ ግን ያው "አለቀ"።

እማዬ ከጦሩ በፊት ወሬኛ ነበር ትላለች። አፉ የማያርፍ፣ ሰርግ ላይ ሰው የሚሰበሰብበት። እኔ ያንን ሰውዬ አላውቀውም። ምናልባት የዶሮው አራት ደቂቃ ላይ ትንሽ ብቅ ብሎ ይሆናል። እንጃ።

የማዳመጫውን ፎቶ ላክሁለት። ከሥሩ ደግሞ የሁለት ደቂቃ ማብራሪያ፦ ስለ 24 ቮልቱ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ሁሉም። መልሱ አሥራ አንድ ሰከንድ ነው።

"ደርሶኛል። ጥሩ ዕቃ ነው። ማንን ታገኝበታለህ? አለቀ።"

ማንን አገኝበታለሁ? እዚህ አገር ያለ ፈቃድ በዚህ ራዲዮ መናገር ክልክል ነው፣ እኔ ደግሞ የአማተር ራዲዮ ፈተናውን ገና አልወሰድኩም። ብወስድስ? ልመልስለት ሦስት ጊዜ ተጫንኩ፣ ሦስቱንም ሰረዝኳቸው። የመጨረሻው አምስት ሰከንድ ነበር፣ የሚሰማው ካፊያው ብቻ ነው።

ኧረ! አሁን ትዝ አለኝ። ይህን ማስታወሻ የከፈትኩት እኮ ጠዋት የነቀልኳቸውን አራት ሽቦዎች ተራ ሳልረሳ ልጽፍ ብዬ ነበር። የመጀመሪያው ቀይ ነው። እሱን እርግጠኛ ነኝ። አሁን ሄጄ አየኋቸው፣ ከአራቱ ሦስቱ ቀይ ናቸው።