ለጠጅ የሚሆን ሸክላ ስትመርጡ

ደብረ ብርሃን ላይ ጠጅ ልጣል ያለ ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ማሩ ነው። ማሩንማ ቀምሳችሁ ትገዙታላችሁ። ዕቃውን ግን ማንም ቀምሶ አይገዛም፤ ሰው የሚቃጠለውም እዚያ ላይ ነው።

ብርዙን እንደ ወትሮው አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ በረዝኩ፤ ጌሾውንም ጨመርኩ። ይኼን ታውቁታላችሁ።

ጣጣው የመጣው ከስልጠና ነው። ባለሙያው መድረክ ላይ ቆመው፣ «ጋን ትንፋሽ አለው፣ ቆሻሻ ይይዛል፤ ውስጡ ቅብ ያለው ሸክላ ግዙ» አሉን። ትንፋሽ አለው ማለታቸው እውነት ነው። ያልተቀባ ሸክላ ያልባል፣ አየር ያስገባል፤ አየር ያገኘ ጠጅም ውሎ አድሮ ይኮመጥጣል። ግን ይኼ ሸክላው ላይ ተተኩሶ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ቅብ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት አልነገሩንም። አዲስ አበባ ሄጄ ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ የሚያብለጨልጭ ትልቅ ማሰሮ የጋን እጥፍ ከፍዬ አመጣሁ።

ጠጁን ሳጠልል የማሰሮው አንገት እንደ መጀመሪያው ያበራል። ጠጁ ከደረሰበት በታች ያለው ግን ጭጋግ እንደያዘው መስኮት ደብዝዟል፤ በጣቴ ስዳስሰው ይሻክራል። ጠጅ አሲድ አለው፤ ቅመማው ያልተስተካከለ ወይም በቅጡ ያልተተኮሰ ቅብ በአሲድ ይበላል። የተበላው የት ገባ? ጠጁ ውስጥ ነዋ! አንዳንዱ ቅብ የሚሠራው እርሳስ በሚባለው ብረት ነው፤ እሱ ደግሞ ደም ውስጥ ገብቶ የሚጎዳ፣ ለልጅና ለነፍሰ ጡር የባሰ መርዝ ነው። ባለ ሱቁ ጋ ስደውል፣ «እሱኮ የአበባ ነው፣ ለመጠጥ ማን አለሽ?» አለኝ። ባለሙያውን ስጠይቃቸው ደግሞ፣ «እህቴ፣ ማኑዋሉ ላይ ያለው ቅብ ያለው የሚል ነው» ብለው ዝም። እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ማር በዚህ ዋጋ፣ ጠጁን እንዳለ ደፋሁት።

ቅብ ያለው ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የምትሉ ቁራጭ ሎሚ ቅቡ ላይ አሳድሩበት። ቀለሙ ከተለወጠ ተዉት። ባይለወጥም እርሳስ የለውም ማለት አይደለም፤ ያንን የሚለየው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ለምግብ መሠራቱን ሻጩ በወረቀት ካላረጋገጠላችሁ አትግዙ።

እኔ ወደ ጋኔ ተመለስኩ። ሸክላ የምትሸጠዋን እናት፣ «እትዬ፣ ላንኳኳው?» ብያት በጣቴ አጥንት መታሁት፤ ጥርት ብሎ የሚጮኸውን ወሰድኩ። ድፍን ድምፅ ካለው ስንጥቅ አለበት። ቤት ወስዳችሁ ውሃ ሙሉና አሳድሩት። ገላው ሁሉ ወዝ ካወጣ ደህና ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ጠብ ጠብ ካለ መልሱ።

ትንፋሹን የሚገታው ሰም ነው። ጆርጂያዎች ወይን የሚጥሉበትን ክቬቭሪ የሚባል ትልቅ ጋን ውስጡን በንብ ሰም ቀብተው መሬት ውስጥ ይቀብሩታል፤ ዩኔስኮም ይህን አጠማመቃቸውን እ.ኤ.አ. በ2013 መዝግቦላቸዋል። እኛ ጋ ሰሙ ከሰፈፉ ይወጣል፣ ግን አውጥተን እንሸጠዋለን! ሰሙን የፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ አቅልጡት፤ በቀጥታ እሳት ላይ ከጣዳችሁት ይቀጣጠላል። ጋኑን አሙቁና ሰሙን ውስጡ አዙሩት፤ ሸክላው ይጠጣዋል፣ ትርፉን ገልብጡ።

በግራዋ ማጠቡና በወይራ ማጠኑ ከሰሙ በፊት ይለቅ። ሰሙ ከገባ ወዲያ ስለማላጥነው ጎረቤቶቼ «ሳይታጠን የተጣለ ጠጅ» እያሉ ያሙኛል፤ ይሙኝ። ሰም 63 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ የወይራ ፍምም የፈላ ውሃም ያበላሸዋል። ከዚያ ወዲያ የምታጥቡት በለብ ያለ ውሃ ነው።

ሸዋ ሮቢት ቆላ ስለሆነ ጋኑ የትም ቢቀመጥ ይፈላል። የደብረ ብርሃን ብርድ ግን ፍላቱን ያጓትተዋል፤ ጋኑን ሲሚንቶ ላይ ሳይሆን ገለባ ላይ፣ ከማድቤቱ ግድግዳ አስጠግታችሁ አስቀምጡት። ፍላቱ በርዶ ከተጠለለ በኋላ ደግሞ ሰም ቢቀባም ጋን ውስጥ አታቆዩት፤ በየቀኑ እየተቀዳ የሚጎድል ጋን አየር ይሞላዋል። እስከ አንገቱ በተሞላ ጠርሙስ ከድናችሁ አስቀምጡት፤ መጀመሪያ ግን ክዳኑን ላላ አድርጉት፣ ፍላቱ ያላለቀ ጠጅ ጠርሙስ ይሰብራል።